ከዜሮ በታች 20 ለሚነዳ ሰው የሚሆን ሄልሜት፦ ሙቀቱ፣ ላቡና ልኩ አልታረቅ አሉኝ

ብርዱ_ይብቃ (ሴንት ፖል)

ሰላም ለዚህ ቤት። ለሚኒያፖሊስና ለሴንት ፖል የበረዶ ወራት የሚሆን የብስክሌት ሄልሜት እየነደፍኩ ነው፤ የኮርስ ፕሮጀክት ነው። የምነድፍለት ሰው ከዜሮ በታች 5 እስከ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ብርድ፣ በሰዓት ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር፣ መብራት ላይ እየቆመ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ የሚነዳ ነው። በ2001 አሜሪካና ካናዳ ባወጡት የንፋስ ብርድ ቀመር ሳሰላው፣ አየሩ ከዜሮ በታች 15 ሲሆንና ነጂው በ25 ሲሄድ ፊቱ ላይ የሚያርፈው ብርድ ከዜሮ በታች 25 ያህል ነው።

ከባዶ ሼል አልጀመርኩም። የሲፒኤስሲ (የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን) ምልክት ያለውን፣ 12 የአየር ቀዳዳ ያለውን ተራ የከተማ ሄልሜት ወስጄ ውስጡን በ5 ሚሊ ሜትር ፍሊስ (ለስላሳ የብርድ ጨርቅ) አለበስኩት፣ ጆሮ መሸፈኛ ሰፋሁለት፣ ከፊት ግልጽ መስታወት አንጠለጠልኩበት። አሁን ያሉት ጣጣዎች፦

የኋላው ማጥበቂያ እስከ መጨረሻው ተለቆም ሄልሜቱ አናት ላይ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ግንባር ይጋለጣል። ከ15 ደቂቃ በኋላ ግንባርና አናት ያልባሉ፣ ነጂው ሲቆም ደግሞ ያው ላብ ይበርዳል። መስታወቱ ሲነዳ ደህና ነው፣ ቀይ መብራት ላይ ግን ወዲያው በትንፋሽ ጉም ይታፈናል። ዘለበቱ በወፍራም ጓንት አይከፈትም፣ አይዘጋምም።

ጥያቄዬ፦ ቀዳዳዎቹን ልድፈናቸው ወይስ ልተዋቸው? ፎሙስ በብርድ ይለወጣል? ቦታ ለማግኘት ከውስጥ ትንሽ ልላገው?


ሰንሰለት

ከመጨረሻው ልጀምር፦ ፎሙን አትላጊው። ምክንያቱ በቁጥር ይታያል። በሲፒኤስሲ ፈተና 5 ኪሎ የሚመዝን የራስ ቅርጽ ሄልሜቱን ለብሶ ከ2 ሜትር ከፍታ ጠፍጣፋ ብረት ላይ ይወድቃል፤ ሲመታ ፍጥነቱ የሚቀንስበት መጠን ከ300 ጂ (የመሬት ስበት 300 እጥፍ) መብለጥ የለበትም። ነጩ ፎም (ኢፒኤስ) ውፍረቱ 25 ሚሊ ሜትር ቢሆን ከዚያ ውስጥ የሚደቀቀው 70 በመቶ ገደማ ነው፣ 17.5 ሚሊ ማለት ነው። 2 ሜትርን ለ0.0175 ብታካፍይው አማካዩ 114 ጂ ይመጣል፤ በምቱ መካከል የሚደርሰው ከፍተኛው ቁጥር ግን ከአማካዩ በብዙ ይበልጣል። አሁን 5 ሚሊ ላጥሽለት እንበል፤ የሚደቀቀው 14 ሚሊ ይሆናል፣ አማካዩ ደግሞ 143። ለፍሊስ ብለሽ የራስ ቅል ትከፍያለሽ።

ልኩ ያልመጣው በፍሊሱ ውፍረት ነው። ውስጥ የሚጨመር እያንዳንዱ 1 ሚሊ የራስን ዙሪያ በ6.3 ሚሊ ያሳድገዋል። 5 ሚሊ ማለት 31 ሚሊ ነው። አንድ የሄልሜት መጠን የሚሸፍነው ብዙውን ጊዜ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ (ለምሳሌ ከ55 እስከ 59) ስለሆነ፣ አንድ መጠን ሊሞላሽ ትንሽ ነው የቀረሽ። ሄልሜቱ ከፍ የሚለው ለዚህ ነው፤ ሰፊውን የራስ ክፍል ማለፍ አልቻለም። ትክክለኛው ልክ ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ነው፣ ከዚያ ከፍ ካለ ግንባሩን ለአስፋልት ትቶታል። ስለዚህ ንድፍሽ ውስጥ አንድ ጥብቅ ቁጥር አስገቢ፦ ከፎሙና ከራስ መካከል የሚገባ ጨርቅ ተጭኖ ሲለካ ከ2 ሚሊ አይበልጥም። ከዚያ በላይ ሙቀት ከተፈለገ ሄልሜቱ በማይነካቸው ቦታዎች ይሁን፤ ጆሮ፣ ማጅራት፣ ጉንጭ።

ፎሙ በብርድ ይለወጣል ወይ ላልሽው፦ ኢፒኤስ በዚህ ብርድ ብዙም አይለወጥም። ተንኮለኞቹ ለምቾት ተብለው የሚገቡት ለስላሳ ነገሮች ናቸው። ቪኒል ናይትራይል ፎምና ሲመታ የሚጠነክረው ዓይነት ጄል በብርድ እንጨት ይሆናሉ፤ ሳሎን ውስጥ ጣት የሚያሰምጠው ፓድ ውጭ 20 ደቂቃ ሲቆይ ራስ ላይ ድንጋይ ነው። ለስላሳ ፒቪሲም እንደዚሁ ይደርቃል፣ ለጠርዝ ማስጌጫ እንኳን አትጠቀሚበት። የውጩ ቅርፊት ፖሊካርቦኔት ከሆነ ለብርዱ አትስጊለት።

ስለ መለኪያዎቹ ደግሞ፦ ሲፒኤስሲ ሄልሜቱን የሚያቀዘቅዘው ከዜሮ በታች ከ13 እስከ 17 ዲግሪ ነው። የአውሮፓው ኢኤን 1078 እስከ ከዜሮ በታች 20 ይሄዳል፣ ጣሪያውም 250 ጂ ነው። ለሚኔሶታ ሁለቱም ይጠባሉ፤ ጃንዋሪ ውስጥ ከ20 በታች የሚወርድ ጠዋት ብርቅ አይደለም። የራስሽን ግብ ከዜሮ በታች 25 ብለሽ ጻፊ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለሚሳሳትበት፦ ጨርቁን በጫማ ማስቲሽ አታጣብቂ። ማስቲሽ፣ አሴቶን፣ ቤንዚን፣ አብዛኛው የስፕሬይ ቀለም ኢፒኤስን ይበላዋል። ከላይ ምንም አይታይም፣ ከስር ግን ጉድጓድ ይሠራል። ፋብሪካው ያስቀመጣቸው የቬልክሮ ነጥቦች አሉ፤ እነሱ ላይ ብቻ አንጠልጥዪ።


መርፌና ክር

ሰንሰለት ስለ ልኩ ያለው ይበቃል፣ እኔ ወደ ጨርቁ ልግባ። ልጄ፣ ስህተቱ አንድ ጨርቅ ለሙሉ ራስ ማልበስሽ ነው። ራስ አንድ ዓይነት አይበርደውም። ፔዳል የሚመታ ሰው አናቱ ምድጃ ነው፤ ጆሮውና ግንባሩ ደግሞ በረዶ። ስለዚህ ከአራት ቁራጭ ስፊው።

ግንባር፦ 6 ሳንቲ ስፋት ያለው ንፋስ የማያሳልፍ ስስ ጨርቅ፣ ውስጡ ሜሪኖ ሱፍ። ከቅንድብ በላይ ጀምሮ የሄልሜቱ ጠርዝ ስር ይግባ እንጂ ወደ አናት አይሂድ። አናት፦ በካሬ ሜትር 150 ግራም የሆነ ሜሪኖ ወይም ጭራሽ መረብ፣ ሌላ ምንም አይጨመርበት። ንፋስ የማያሳልፈውን ጨርቅ አናት ላይ ካደረግሽው ላቡ መውጫ ያጣና በጨርቁ የውስጥ ገጽ ላይ ውሃ ይሆናል፤ ነጂው ሲቆም የሚበርደው እሱ ነው። ጥጥ የሚባል ነገር የትም ቦታ አይግባ። ጥጥ ውሃውን ይዞ ቁጭ ነው የሚለው።

ጆሮ፦ 9 ሳንቲ ቁመት በ8 ሳንቲ ስፋት፣ ውጩ ንፋስ የማያሳልፍ፣ ውስጡ የተፋቀ ፍሊስ፤ እዚህ ሄልሜቱ ስለማይጫን 5 ሚሊሽን እንደ ልብሽ አድርጊው። ጆሮ ቀዳዳው ትይዩ ላይ ግን 2 ሳንቲ ስፋት ያለው ክብ ክፈቺና ጥቅጥቅ ያለ መረብ ስፊበት። ከኋላ የሚመጣ መኪና ድምፅ በዚያ ይገባል። ጠቅላላ ከደፈንሽው ነጂው ሙቀት አግኝቶ ጎዳናውን ያጣዋል።

ማጅራት፦ 7 ሳንቲ የሚወርድ ጭራ ይበቃል፤ ከጃኬቱ ኮሌታ ጋር ከተገናኘ ሌላ አያስፈልግም። ማጥበቂያው መዞሪያ በሚያርፍበት ቦታ ግን ቁረጪለት፣ ካልሆነ መዞሪያው ጨርቅ ይነክሳል።

ስፌቱ፦ ቆቡን ከራስ ዙሪያ 10 በመቶ አሳንሰሽ ቁረጪ። ለ58 ሳንቲ ራስ 52 ማለት ነው፤ የጨርቁ መለጠጫ አቅጣጫ ወደ ዙሪያው ይሁን። ኦቨርሎክ (ጠርዝ የሚጠቀልል ስፌት) ካደረግሽው ስፌቱ ገመድ ሆኖ ግንባር ላይ ሰንበር ያወጣል፤ ጠፍጣፋ ስፌት ካላገኘሽ ሁለቱን ጠርዝ ደራርበሽ በዚግዛግ ሂጂበት። መጋጠሚያውን ግንባር ላይ አታምጪው፣ ከጆሮ ኋላ ይሁን።

ሙሉውን ነገር ከሄልሜቱ የሚወጣ አድርጊው። ሁለት ስሪ፤ አንዱ ሥራ ቦታ ራዲያተር አጠገብ ይደርቃል፣ አንዱ ይለበሳል። (ሄልሜቱን ራሱን ራዲያተር ላይ ማስቀመጥ ግን አይሆንም፣ ፎሙን ያበላሸዋል።)


ፈጣኑ_አበበ

ይሄ ሁሉ ስፌት ምን ያደርጋል? የስኪ (የበረዶ መንሸራተቻ) ሄልሜት ግዙና ተገላገሉ። ጆሮ አለው፣ ቀዳዳው ይዘጋል፣ መስታወትም አለው።


ሰንሰለት

ወንድሜ አበበ፣ ሐሳቡ ቀሎ የሚታይ ነው፣ ሁለት ነገር ግን ይጎድለዋል። የመጀመሪያው ምልክቱ ነው። የስኪ ሄልሜት የሚፈተነው በአሜሪካው መለኪያ ኤኤስቲኤም ኤፍ 2040 ወይም በአውሮፓው ኢኤን 1077 ነው። ኢኤን 1077 ከ1.5 ሜትር ጠፍጣፋ ብረት ላይ ይጥላል፤ ሲፒኤስሲ ከ2 ሜትር ጠፍጣፋ ላይ፣ ከዚያም ከ1.2 ሜትር በድቡልቡልና የእግረኛ መንገድ ጠርዝ በሚመስል ብረት ላይ ይጥላል። ብስክሌት የሚወድቅበት ጠርዝ በረዶ ተራራ ላይ የለም። አሜሪካ ውስጥ ለብስክሌት ተብሎ የሚሸጥ ሄልሜት ከ1999 ወዲህ ሲፒኤስሲን የማለፍ ግዴታ አለበት። ሁለቱንም ያለፉ ሄልሜቶች አሉ፤ ውስጡ ያለው ተለጣፊ ላይ ሁለቱም ከተጻፉ ጥሩ፣ አንዱ ብቻ ካለ ለብስክሌት አይሁን።

ሁለተኛው ላቡ ነው። ስኪ የሚወርድ ሰው ቁልቁል ይወርዳል፣ ከዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይወጣል። ብስክሌት ነጂ 40 ደቂቃ ሙሉ ሞተሩ ራሱ ነው። ከዜሮ በታች 5 ላይ በስኪ ሄልሜት የነዳ ሰው ውስጡን ጨምቆ ያወጣል። ከዜሮ በታች 20 ላይ ግን ሁለቱን ምልክት የያዘውን ብመርጥ አላፍርም፤ እዚያ ድረስ አበበ ልክ ነው።


የካልጋሪው

መስታወቱና ዘለበቱ ስላልተነኩ እኔ ልያዛቸው።

መስታወቱ ቀይ መብራት ላይ የሚታፈነው ከውጭ ቀዝቅዞ ከውስጥ ትንፋሽ ስለሚመታው ነው፤ ሲነዳ አየሩ ያጥበዋል፣ ሲቆም ያ አየር የለም። ሦስት ነገር አድርጊ። አንደኛ፣ ከመስታወቱ የላይኛው ጠርዝና ከሄልሜቱ ግንባር መካከል ከ8 እስከ 10 ሚሊ ክፍተት ተዪ። የሞቀው አየር ወደ ላይ መውጣት ስለሚወድ፣ መንገድ ካገኘ ሲቆምም በራሱ ይወጣል። አንቺ አጣብቀሽ ገጥመሽው ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ። ሁለተኛ፣ መስታወቱ ሁለት ንብርብር ይሁን። የስኪ ጎግል እንደሚሠራው፦ ውጩ ፖሊካርቦኔት፣ ውስጡ ውሃ የሚመጥ ሴሉሎስ ፕሮፒዮኔት፣ በመካከል የታሸገ አየር። የውስጡ ገጽ ከውጩ ስለሚሞቅ ትንፋሽ ቶሎ ውሃ አይሆንበትም። ይህን የውስጥ ገጽ እርጥብ ሆኖ አይወልውሉት፣ ሽፋኑ ይላጣል፤ ይህን መመሪያው ላይ በትልቁ ጻፊ። ሦስተኛ፣ አፍ የሚሸፍን ነገር ካለ አፍንጫ ላይ የሚታጠፍ ሽቦ ይኑረውና ትንፋሹን ወደ ታች ይምራው። አንገት ልብሱን አፍንጫ ድረስ ስቦ ከመስታወት ስር የሚከት ሰው ምንም ዓይነት መስታወት አያድነውም።

የመስታወቱ ጎን ደግሞ የዓይን ዳርን አይጋርድ። ሲፒኤስሲ ከመሃል ወደ እያንዳንዱ ጎን 105 ዲግሪ እይታ ይጠይቃል። የጆሮ መሸፈኛሽም ከዚህ መስመር ውጭ ይሁን፤ ፍሊስ ሲነፋ ወደፊት ይመጣል።

ቀዳዳዎቹ፦ ሁሉንም አትድፈኚ። ከ12ቱ የፊቶቹን 4 ዝጊ፣ የኋላዎቹን ተዪ። ከፊት ካልገባ አናት አይበርድም፣ ከኋላ ክፍት ከሆነ ላቡ ይወጣል። መድፈኛውን ከማይመጥ ለስላሳ ፖሊኤቲሊን ፎም፣ ከቀዳዳው በ1 ወይም 2 ሚሊ አስፍተሽ ቁረጪና ከውጭ አስገቢው። ደረቅ ፕላስቲክ አይሁን፤ ሲመታ ወደ ውስጥ ገብቶ አንድ ነጥብ ላይ ይወጋል። ከውስጥ በኩል የሚገባም አይሁን፣ ራስና ፎም መካከል ከስሱ ጨርቅ በቀር ምንም ነገር መኖር የለበትም። ለአንድ ቀን የሚሆን መላ ከፈለግሽ ደግሞ የሻወር ቆብ ሄልሜቱ ላይ ማልበስ ነው፤ ያስቃል፣ ይሠራል፣ ግን ሁሉንም ቀዳዳ ስለሚዘጋ ከ15 ደቂቃ በላይ አይሆንም።

ዘለበቱ፦ ተራው ባለ ሦስት ጣት ዘለበት በቀጭን ጣት ቆንጥጠው እንዲከፍቱት ነው የተሠራው። ማግኔት ያለው፣ በአንድ እጅ ወደ ጎን የሚንሸራተት ዓይነት (ፊድሎክ ይሠራዋል) ለጓንት ይሻላል። ቦታውን ከአገጭ ስር አውጥተሽ 3 ወይም 4 ሳንቲ ወደ ጎን ውሰጂው፤ አገጭ ስር የትንፋሽ ውሃ ተንጠባጥቦ ይበርድበታል፣ ቆዳም ይነክሳል።

ፈተናው ቀላል ነው፣ ፍሪዘር ይበቃል። የቤት ፍሪዘር ከዜሮ በታች 18 ስለሆነ ከሲፒኤስሲው ቅዝቃዜ እንኳን ትንሽ ይብሳል። ሄልሜቱን ከነልብሱ 4 ሰዓት አቆይው። አውጥተሽ በወፍራም ጓንት ዘለበቱን አሥር ጊዜ ክፈቺ ዝጊ፣ ማጥበቂያውን አዙሪ፣ ፓዶቹን በጣት ተጫኚ። የሚደርቀውና የሚሰነጠቀው እዚያው ራሱን ያጋልጣል። ጥሎ መፈተን ግን በቤት የለም፤ አንዴ የወደቀ ሄልሜት ፎሙ ደቅቆ ሊሆን ስለሚችል ዕቃ ነው እንጂ ሄልሜት አይደለም።

የኋላ መብራት ልትጨምሪ ካሰብሽ፣ የሊቲየም ባትሪ ከዜሮ በታች ሆኖ ቻርጅ አይደረግም። ተነቅሎ ቤት የሚገባ ይሁን።


ብርዱ_ይብቃ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። መስታወቱን በእርግጥ አጣብቄው ነበር፣ ካልጋሪው በሩቁ አየኸው።

እትዬ መርፌና ክር፣ ሁለት ነገር ልጠይቅዎ። ማሰሪያው በጆሮ መሸፈኛው በላይ ይለፍ ወይስ በታች? ደግሞ ሹሩባ የተሠሩ፣ ሻሽ ወይም ሂጃብ ያደረጉ ሴቶች ይህን ሄልሜት እንዴት ይልበሱት? በእኛ ሰፈር ይህን ያላሰበ ንድፍ ግማሹን ሰው ይተዋል።


መርፌና ክር

ማሰሪያው ከላይ ይለፍ፣ ግን ፍሊሱ ላይ ሳይሆን ጎድጎድ ባለ መስመር ላይ። ለምን መሰለሽ፦ ማሰሪያው ወፍራም ጨርቅ ላይ ተጭኖ ከጠበቀ፣ ሰው ሲወድቅ ጨርቁ ይሟሽሽና ማሰሪያው በዚያው ልክ ይላላል። ሲፒኤስሲ 4 ኪሎ ክብደት ከ60 ሳንቲ ጥሎ ማሰሪያውን ሲጎትተው ከ30 ሚሊ በላይ እንዳይረዝም ነው የሚጠይቀው፤ አንቺ በፍሊስ ብቻ 10 ሚሊውን አስቀድመሽ በላሽበት ማለት ነው። ስለዚህ ማሰሪያው በሚያልፍበት መስመር ላይ ፍሊሱን 2 ሳንቲ ስፋት ቆርጠሽ አውጪና ስሱን ጨርቅ ብቻ ተዪ። ሁለቱ ማሰሪያዎች የሚገናኙበት ነጥብ ከጆሮ ጫፍ ትንሽ ዝቅ ይበል።

ሹሩባ፦ ቀጭን ተሠርቶ ከራስ ጋር የተኛ ሹሩባ ችግር የለውም፣ 2 ሚሊው ውስጥ ይገባል፤ ከስሩ ቆብ ግን አይጨመር፣ የግንባሩ ማሰሪያና የጆሮው ብቻ ይለበስ። ወፍራም ሆኖ አናት ላይ የተጠቀለለ ከሆነ አይሆንም። ፀጉሩ ከማጥበቂያው መዞሪያ በታች፣ ማጅራት ላይ ይታሰር። ስለዚህ የማጅራቱን ጭራ ከመሃል ሰንጥቂውና በመደራረብ ዝጊው፣ የታሰረው ፀጉር በዚያ ይውጣ። ፀጉር እንዳይሰባበር ሳቲን ይደረግ የሚሉሽ አሉ፤ እውነት ነው ግን ያንሸራትታል። ሳቲኑ አናት ላይ ብቻ ይሁን፣ ግንባሩ ላይ ሱፍ ይቆይ። ከዚያ ከኋላ ጠርዝ ይዘሽ ወደ ፊት ገፋ አድርጊው፤ ዓይን ላይ ከወረደ ሳቲኑ በዝቷል።

ሂጃብና ሻሽ፦ አንድ ንብርብር የሆነ፣ የሚለጠጥ ስስ ጀርሲ ይበቃል። መርፌ ቁልፍ፣ ቋጠሮ፣ ወፍራም እጥፋት ከፎሙ ስር ፈጽሞ አይግባ፤ ሰው ሲወድቅ መርፌ ቁልፉ ጭንቅላቱን ይወጋል። ትርፉ ጨርቅ ጃኬት ውስጥ ይግባ፣ ጎማ ላይ እንዳይጠመጠም። ነጠላ ደግሞ ጥጥ ነው፣ እየታጠፈም ይወፍራል። አንገት ላይ ይሁን፣ ሄልሜት ስር አይሁን። ግንባሩንና ጆሮውን ለብቻ የሚሸጥ አድርገሽ ከነደፍሽው እነዚህ ሁሉ ከራሳቸው መሸፈኛ ጋር ያገናኙታል።


ብርዱ_ይብቃ

ገባኝ። የመጨረሻ፦ ሰንሰለት፣ «ተጭኖ 2 ሚሊ» ያልከው በምን ይለካል? ሱቅ ውስጥ ፍሊስ የሚሸጠው በግራም ነው፣ ውፍረቱን ማንም አያውቀውም።


ሰንሰለት

10 በ10 ሳንቲ አራት ቁራጭ ቁረጪና ደራርቢያቸው። ከላይ እኩል መጠን ያለው ካርቶን አድርጊ፣ በካርቶኑ ላይ የ4 ፓውንድ ስኳር አስቀምጪ፣ አንድ ደቂቃ ጠብቂ። ከጠረጴዛው እስከ ካርቶኑ የታች ገጽ በማስመሪያ ለኪና ለአራት አካፍይ። አራቱ 8 ሚሊ ወይም ከዚያ በታች ከሆኑ ጨርቁ ያልፋል። እርጥብ አድርገሽም ድገሚው፤ ላብ የጠጣ ፍሊስ ቁጥሩ ይለወጣል።